ሃምሳ አለቃው በጓዶቻቸው ትከሻ

ቃሬዛው የሆስፒታሉን የብረት በር አልፎ ገና ድንጋይ የተነጠፈበት መንገድ ላይ እንደ ወጣ፣ ሃምሳ አለቃው ከተኙበት «ቁም!» አሉ። አራቱ ተሸካሚዎች እንደ አንድ ሰው ቀጥ አሉ። ቃሬዛው ግን እንደ እነሱ ወታደር አይደለምና ወዲያና ወዲህ ተወዛውዞ ነው የቆመው። ሃምሳ አለቃው ጥርሳቸውን ነክሰው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሕመሙ ለቀቅ ሲያደርጋቸው፣ ይሄ ምን ዓይነት አረማመድ ነው፣ ሰልፍ ሜዳ ላይ ያላችሁ መሰላችሁ እንዴ ብለው ጠየቁ።

የመለሰላቸው ከፊት በቀኝ በኩል የያዘው አሥር አለቃ ነው። ይህን ሰው ሁላችንም ደወል ነው የምንለው፤ ፈጣሪ ሹክሹክታ የሚባል ነገር አልሰጠውም። እርስዎን የመሰለ ሰው ተሸክመን እንደ ገበያተኛ አንንገዋለልም አለ ደረቱን ነፍቶ፤ ደረቱ ላይ የተደረደሩት ኒሻኖችም አብረውት ተንቃጨሉ።

እኔ በአንድ ትከሻዬ ኮዳ፣ በሌላው የመድኃኒት ሣጥኔን አንግቼ ከጎን ቆሜያለሁ። ከበሩ ገና አልራቅንም። መንገዱ ደግሞ ቁልቁል ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ዋናውን ጎዳና በዳገት ወጥቶ፣ ከከተማው ማዶ ጫፍ ላይ ነው የሚያበቃው። ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ አየሁና ወይ ጉዴ አልኩ በልቤ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ሃምሳ አለቃው በዚያ በረጅሙ ጦርነት የቃሬዛ ምድብ አለቃ ነበሩ። ጠመንጃ ይዘው ነበር ግን ለመተኮስ እጃቸው መች ባዶ ሆኖ፤ ዕድሜያቸውን የፈጁት የወደቀ ሰው ከእሳት ውስጥ እየተሸከሙ በማውጣት ነው። ጦርነቱ ካበቃ በኋላም የኛው ሆስፒታል ውስጥ ቁስለኛ ሲያነሡ ሲያስተኙ ኖረው፣ በመጨረሻ ራሳቸው አልጋ ያዙ። በሽታው አጥንታቸው ውስጥ ገብቷል፤ ጀርባቸው ላይ ተቀምጦ አላላውስ ብሏቸዋል። ሻለቃ ሐኪሙ ደግ ሰው ናቸው፤ አልደበቁም። የቀረው የቀናት ጉዳይ ነው አሉ።

ሃምሳ አለቃው አልደነገጡም። አንድ ነገር ብቻ ለመኑ፤ ቤቴ ውሰዱኝና ባለቤቴ አጠገብ ልሙት አሉ። ባለቤታቸውን እማማ ነው የምንላቸው። እማማ በፊት በፊት ጧት ማታ እየመጡ፣ ክፍሉን በሳቅ ሞልተው፣ እኔን «ሲስተር ደሞዝሽን ለኔ ስጪኝ፤ ሥራሽን የምሠራው እኔ ነኝ» እያሉ ሲቀልዱ ነበር። ዝናብ በጣለበት ሰሞን ደረጃ አዳለጣቸውና ዳሌያቸው ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ እሳቸው እዚያ ማዶ አልጋ ላይ፣ ሃምሳ አለቃውም እዚህ አልጋ ላይ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን አንድ ማዕድ የቆረሱ ሰዎች በአንድ ከተማ ውስጥ ተለያይተው መሞታቸው ነው ስል እንቅልፍ አልወስድ ይለኝ ነበር።

ከአንድ ቀን በፊት በአምቡላንስ ካሚዮን ሞክረን ነበር። ካሚዮኑ የመጀመሪያዋን ጉድጓድ ሲዘል ሃምሳ አለቃው ራሳቸውን ሳቱ፤ መልሰን አስገባናቸው። ሐኪሙ ከእንግዲህ መኪና የለም፣ ጋሪም የለም፣ የሰው እጅ ከተገኘ ግን አልከለክልም አሉ። ይህ ቃል የጡረተኞቹ መሰብሰቢያ ዘንድ እንዴት እንደ ደረሰ አላውቅም። በማግስቱ ጧት አልጋ ሳነጥፍ ኮሪደሩ በቦት ጫማ ድምፅ ተናወጠና ቀና ስል በሩ ላይ ተሰልፈው ቆመዋል። ካፖርታቸውን ቦርሸዋል፣ ገምባሌያቸውን ጠምጥመዋል፣ ኒሻናቸውን ለጥፈዋል።

ደወልን አስተዋውቄአችኋለሁ። ሁለተኛው ዓይናማው ነው፤ አንድ ዓይኑን ጦርነቱ ወስዶበት ጓደኞቹ በተረፈችው ነው እንዲህ የሚሉት። ሦስተኛው ጋጋሪው፣ ዳቦ ቤት የሚሠራ፣ ከነዱቄቱ የመጣ ወፍራም ሰው ነው። አራተኛው መድፈኛው፣ ጆሮው መድፉ ዘንድ የቀረ። አምስተኛው ጫማ ሰፊው ነው፤ እሱ ያነክሳል። አምስቱም አንድ ቀን በሃምሳ አለቃው ቃሬዛ ላይ ተኝተው ከሞት አፍ የወጡ ናቸው። ከሽማግሌዎቹ አንቱታዬ ለሃምሳ አለቃው ብቻ ነው። እነዚህን አንተ ብል አይፈረድብኝም፤ ሁሉንም በየተራ አጥቤያለሁ፣ በማንኪያ አብልቻለሁ፣ ሲነጫነጩ ተቆጥቻለሁ።

ጫማ ሰፊው ልሸከም ብሎ ያልለመነው የለም። ደወል ግን አንተን ራስህን ስንሸከም ልንውል ነው ብሎ የሃምሳ አለቃውን ልብስና ቦት ጫማ የያዘውን ጥቅል አስታቀፈው። ጫማ ሰፊው ለአጭሩ እግሩ በገዛ እጁ የሠራውን፣ ሶሉ ወፍራም የሆነ ጫማ አድርጎ ስለሚሄድ አስተውሎ ያላየው ሰው ማነከሱንም አያውቅም። እኔ ግን ፊቱን አይቻለሁ፤ እንደዚያ ተዋርዶ አይቼው አላውቅም።

ደወል ደግሞ በዚህ አላበቃም። የክፍለ ጦሩ ዓርማ የተጠለፈበትን ሐር ጨርቅ ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ በሃምሳ አለቃው ላይ ከደረት እስከ እግር ዘረጋው። ገና ነፍሳቸው አለች እኮ፣ ቀብር ነው እንዴ የምትሄዱት አልኩት። ክብር ነው ሲስተር አለኝ፤ ተቀይሞኛል። ሃምሳ አለቃው ተዪው በሚል ዓይን አዩኝ፤ ተውኩት።

እንግዲህ ወደ መንገዱ ልመለስ። ሃምሳ አለቃው ተሸካሚዎቻቸውን እንደ ምልምል ማስተማር ጀመሩ። አራት ሰው እኩል ሲረግጥ እንጨቱ እኩል ይነሣል፣ እኩል ይወርዳል፤ በመሀል ያለው ሰው ዥዋዥዌ ላይ ነው። ጤነኛ ቢሆን ይተኛበታል፣ ጀርባው ለተጎዳ ግን በየእርምጃው ቢላዋ ነው። ስለዚህ አንዱ ግራውን ሲያነሣ ሌላው ቀኙን ያንሣ፤ ቃሬዛ በሰልፍ አይኬድም። ገባችሁ አሏቸው። ገብቶናል አሉ። መድፈኛው አልሰማም፤ የሌሎቹን አፍ አይቶ እሱም ገብቶናል አለ።

ገብቷቸዋል፤ ችግሩ እግራቸው ነው። እግራቸው ከእነሱ በፊት የተማረው ነገር አለ። ጥቂት ቤቶች እስክናልፍ ተለያይተው ይረግጣሉ፣ ከዚያ አንዱ ሳያውቀው የሌላውን ድምፅ ይከተላል፣ ሦስተኛው ይገባበታል፣ መድፈኛው መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ተሰምቶት ያሟላዋል፣ ቦት ጫማው ድንጋዩ ላይ ጓ ጓ ማለት ይጀምራል። ሃምሳ አለቃው «ቁም!» ይላሉ። እንደገና ይጀመራል።

በዘመቻ ጊዜ ከማሠልጠኛ ትኩስ ለመጡት ልጆች የሠራሁላቸው መላ ነበር አሉና እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁን ዘፈን በልባችሁ ዝፈኑ ብለው አዘዙ። ጥሩ ጀመሩ። እስከ ወፍጮ ቤቱ ድረስ ቃሬዛው እንደ ረጋ ውኃ ነበር። ወፍጮ ቤቱ ጋ መድፈኛው በልቡ መዝፈኑን ረስቶ በአፉ ማንጎራጎር ጀመረ፤ የቆየ የሰልፍ ዘፈን ነው። ዓይናማው ተቀበለው። ደወል በዚያ ድምፁ ሲገባበት አራቱም ለግንባር የተጠሩ ይመስል መንገዱን ሞሉት። ሃምሳ አለቃው ሳቁ። ሳቁ ጀርባቸውን ሰንጥቆ ሳይገባ አልቀረም፤ እንባቸው በጆሮ ግንዳቸው ወረደ፤ የትኛው የሳቅ፣ የትኛው የሕመም እንደሆነ እኔም መለየት አቃተኝ።

ድልድዩ ሥር ስንደርስ የቃሬዛውን አራት አጭር እግሮች ቀስ ብለው መሬት አስነኩ። ጋጋሪው ደረቱ እንደ ወናፍ ይነፋል። የሃምሳ አለቃው ከንፈር ነጭ ሆኗል፤ የልብ ምታቸው እጄ ሥር ይቸኩላል፣ ይጠፋል፣ ይመለሳል። ከዕለቱ መርፌ የተፈቀደልኝን ወጋኋቸው። ከዚያ ደወልን ወደ ጎን ሳብኩትና እንመለስ አልኩት። ሆስፒታሉ ቅርብ ነው፣ ገና ዳገት አለ፣ በዚህ አያያዝ እማማ ዘንድ በሕይወት አይደርሱም። ደወል ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጥፋቱ የኔ ነው አለ፤ ምነው እግሬን ቆርጬ በጣልኩት አለ። ይህን ሰው ስንት ጊዜ ሰድቤዋለሁ፣ እንዲህ የሚወድ መሆኑን ግን እንደዚያን ዕለት አላየሁም።

ሃምሳ አለቃው ጆሯቸው አይተኛም። መመለስ የለም አሉ ከተኙበት፤ ሰው እየተሸከምኩ ወደ ኋላ ተመልሼ አላውቅም፣ ዛሬ ተሸክመውኝ አይመለሱም።

ይህን እያሉ ዓይናቸው ከእኛ አልፎ ሄደ። ጫማ ሰፊው ጥቅሉን እንደታቀፈ ድልድዩን ቀድሞ ተሻግሮ፣ እኛ መቆማችንን ሲያይ ተመልሶ እየመጣ ነበር። ወፍራም ጫማው ቢረዳውም ሲደክመው ማነከሱ ይወጣል፤ አንዱ እርምጃ ረጅም፣ አንዱ አጭር። ሃምሳ አለቃው እስኪደርስ ድረስ አረማመዱን ተመለከቱ። ከዚያ ጋጋሪው ይረፍ፣ ይሄ ሰውዬ በእግሬ በኩል ይግባልኝ አሉ።

ደወል ሊቃወም አፉን ከፈተ። ሃምሳ አለቃው በጣታቸው ዘጉት። እሱን ተከትላችሁ እኩል መርገጥ ብትፈልጉም አትችሉም፤ ሰይጣንም አይችልም፤ በእግሬ በኩል ዝቅ ከፍ ቢል ጀርባዬ አይሰማውም አሉ። ወደ ጫማ ሰፊው ዞሩና ያን ጫማ አውልቀው፣ እንደ ልብህ አንክስልኝ አሉት።

ጫማ ሰፊው ፊቱ ቀላ። ያንን ጫማ ለማንም ሲል አውልቆ አያውቅም፤ ሚስቱም ራሷ ባዶ እግሩን ሲሄድ ያየችው ከተጋቡ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው ይባላል። ከፊታችን ያለው ደግሞ ዋናው ጎዳና ነው፣ ደንበኞቹ ሁሉ ያሉበት። ትንሽ አመነታ። ከዚያ ድልድዩ ጫፍ ላይ ቁጭ አለና ማሰሪያውን ፈታ። ምን ላድርግ ብሎ ዙሪያውን ሲያይ ከጥቅሉ ውስጥ የሃምሳ አለቃውን ቦት ጫማ አወጣሁለት። ጫማው ሰፊ ሆነበት፤ ጋጋሪው መሐረቡን አጣጥፎ ጫፉ ውስጥ ጠቀጠቀለት።

ተነሡ። የቃሬዛውን የቆዳ ጠፍር በትከሻቸው አሳለፉ። ድልድዩ ላይ የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች ትንፋሼን ይዤ ነው የተከተልኩት። ደወል እግሩ ሰልፉን ፈለገ፣ አላገኘውም። ዓይናማው ሁለት ጊዜ ሞከረ፣ ተሰናከለ፣ ተወው። መድፈኛው ምን እንደተፈጠረ ሳይገባው ዝም ብሎ በራሱ መንገድ ሄደ። ቃሬዛው ጸጥ አለ። የኮዳዬን ውኃ ላዩ ላይ ባስቀምጥ ጠብ አትልም ነበር።

ሃምሳ አለቃው ዓይናቸውን ጨፍነው ብዙ ቆዩ። በእግራቸው በኩል ያለውን ሰው ሳያዩ ነው የተናገሩት።

«እግርህን አጣምሜ ነው ያሰርኩት። መብራት አልነበረም፤ መደገፊያ ጣውላ ባጣ በጠመንጃ ሰደፍ ነው ያሰርኩት። ስታነክስ ባየሁ ቁጥር ፊቴን የማዞረው ለዚያ ነው።»

ጫማ ሰፊው ጠፍሩን በትከሻው አስተካከለ።

«እኔ ደግሞ ንቀውኝ ይመስለኝ ነበር» አለ። «ሊቆርጡት ነበር እኮ ሃምሳ አለቃ። ሐኪሞቹ ያሰረው ሰው ባያስረው ቆርጠን ነበር ያሉት። ጠማማም ቢሆን የራሴው እግር ነው፤ ልጆቼን ያሳደግኩበት ነው።»

ሃምሳ አለቃውን ጎንበስ ብዬ ሳይ ደረታቸው በቀስታ ከፍ ዝቅ ይላል። ምታቸውን ያዝኩ፤ ረግቷል። እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ስንት ሳምንት ሙሉ መርፌ ቢወጉም ዓይናቸው ያልተከደነ ሰው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በከተማው መሀል፣ በጓዶቻቸው ትከሻ ላይ እንደ ሕፃን ተኙ። ለተሸካሚዎቹ በምልክት ነገርኳቸው። ዓይናማው በዚያች በአንዷ ዓይኑ አለቀሰ፤ እጁ ስለተያዘ እኔ ነኝ የጠረግኩለት።

ከዚያ በኋላ ቃሬዛውን ማሳረፍ የሚባል ነገር ቀረ። መሬት ሲነካ እንዳይነቁ ፈርተዋል። ዳገቱን ሳያቆሙ ያዙት። ልተካ ያለውን ጋጋሪ በግንባራቸው ምልክት መለሱት። ጋጋሪውም ሥራ ፈልጎ፣ ፀሐዩ ፊታቸው ላይ አረፈ ብሎ ወገቡ ላይ ያለውን ነጭ ሽርጥ ፈታና በቀስታ ፊታቸውን ሸፈነላቸው። እኔም ጥሩ አደረግክ አልኩት። እውነቱን ለመናገር በዚያ ሰዓት የዳቦ ሽታው እንኳ ደስ ብሎኝ ነበር።

ዋናው ጎዳና ላይ ስንገባ አንድ የሚያምር ነገር ሆነ። አንድ ነጋዴ ከሱቁ በር ላይ ተነሥቶ ባርኔጣውን አወለቀ። ቀጥሎ ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን እንደያዘ ወጣ፤ ደንበኛውም ግማሽ ፊቱ አረፋ እንደሆነ አብሮት ቆመ። ፖሊሱ ጋሪዎቹን አቁሞ ሰላምታ ሰጠ። ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጃገረዶች ወሬያቸውን አቋርጠው ግድግዳ ሥር ተደረደሩ። ደወል አንገቱ ረዘመ። አየሽ ሲስተር አለኝ፤ ሕዝቡ አልረሳንም። መድፈኛው ድካሙ ሁሉ ጠፋለት። እኔም አላፍርም፣ ልቤ ሞላ። እነዚህ ሰዎች ስንት ዓመት በዚሁ ጎዳና ላይ ካፖርታቸው አልቆ ሲያልፉ ዞሮ ያያቸው አልነበረም፤ ዛሬ ታዩ፣ ተከበሩ ብዬ ደስ አለኝ።

ዳገቱ ሊያልቅ ሲል አንዲት አሮጊት ከመንገዱ ዳር መጣችና አበባ ዓርማው ላይ አስቀምጣ «ነፍስ ይማር» አለች።

ቀጥ ብዬ ቀረሁ። ዞር ብዬ ራሳችንን አየሁ። ዓርማ የለበሰ ቃሬዛ፣ ኒሻን ያንጠለጠሉ ዝምተኛ ሽማግሌዎች፣ ፊቱ በነጭ የተሸፈነ ሰው። ወይኔ አልኩ። ሕዝቡ የቆመው ለሕያው ሰው አይደለም። በቁሙ ቢያገኘው ማንም ባርኔጣ አያወልቅለትም ነበር፤ ይህን ሳስበው ተናደድኩ፣ አዘንኩም። ለንዴት ግን ጊዜ አልነበረም። የእነ ሃምሳ አለቃው ቅያስ ውስጥ ገብተናል፣ ሰማያዊው በራቸው ይታየኛል፣ እደጃፉ ላይ ደግሞ እማማን የምታስታምም ጎረቤት ባልዲ ይዛ ቆማለች።

አየችን። ባልዲው ከእጇ ወደቀ። እጇን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ ወደ ውስጥ ሮጠች።

እኔም ሮጥኩ። ሣጥኔን የት እንደጣልኩት አላስታውስም። ልቤ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የእማማ ልብ ደካማ ነው፣ ልናደርስላቸው መጥተን ልንገድላቸው ነው። ስገባ ክፍሉ ዝቅ ያለች፣ ንጹሕ፣ አንድ መስኮት ያላት ናት። ጎረቤቲቱ አልጋው ሥር ተንበርክካ ታለቅሳለች። እማማ ግን አያለቅሱም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ ብርድ ልብሱን በጡጫቸው ጨብጠው ተኝተዋል።

እማማ አልሞቱም፣ ተኝተው ነው አልኳቸው። ደጋግሜ አልኳቸው። ትከሻቸውን ነካሁ፤ ገፉኝ።

«ነርስ ስትባሉ እንዲህ ነው የምትሉት» አሉ ወደ ግድግዳው። «በእናቴም ጊዜ ተኝተዋል ነበር ያላችሁኝ። አታስገቡብኝ። ይሄን ሁሉ ቀን በዚህ ወገብ የኖርኩት ድምፁን ልሰማ ነው። ዝም ያለውን እሱን ምን ላድርገው?»

ከኋላዬ የተሸካሚዎቹ ትንፋሽ ተሰማኝ፤ ቃሬዛው በሩ ላይ ደርሷል። ደወል ለቅሶውን ሰምቶ ምን እንዳደረጉ ገብቶታል መሰለኝ፣ ያ ሁሉ ድምፁ ጠፍቶበት አፉን ከፍቶ ቆሟል። ጋጋሪው ተንደርድሮ መጣና ሽርጡን ከሃምሳ አለቃው ፊት ላይ ገፈፈው። ሽርጡ የዳቦ ቤት ሽርጥ ነው። ዱቄቱ በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ ቦነነ።

ሃምሳ አለቃው አስነጠሱ።

የሳቸው ማስነጠስ እንደ ሰው አይደለም፤ ሆስፒታልም ሳሉ የተኛ ይቀሰቅሱበት ነበር። እማማ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ ሳያስቡት፣ ዕድሜ ልካቸውን እንዳሉት፣ «ይማርህ» አሉ።

«ያኑርሽ» አሉ ሃምሳ አለቃው፣ ከእንቅልፋቸው ገና ሳይወጡ።

ብርድ ልብሱን የጨበጠው እጅ ቀስ ብሎ ተፈታ። እማማ ያን የማይታዘዝ ወገባቸውን እያቃሰቱ፣ በክርናቸው እየተደገፉ ዞሩ። ባላቸው ደጃፉ ላይ፣ ከነዓርማቸው፣ ቅንድባቸው በዱቄት ነጥቶ፣ ማን ሞቶ ነው የምታለቅሺው ብለው ጎረቤቲቱን ይጠይቃሉ።

ጎረቤቲቱ ለሃምሳ አለቃው ለብቻቸው የሚሆን አልጋ አጥባ አንጥፋ ነበር፣ መስኮቱ ሥር። እማማ ግን አላዩትም። እንደምንም ወደ ግድግዳው ተጠግተው አጠገባቸው ያለውን ባዶ ቦታ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። ማንም አልተከራከረም። አራቱ ቃሬዛውን ከአልጋው ጋር አስተካከሉ፤ ጫማ ሰፊው በእግራቸው በኩል፣ እኔ በጀርባቸው፤ አንሥተን አስተላለፍናቸው። አላቃሰቱም። እማማ በእጅጌያቸው ጫፍ ዱቄቱን ከቅንድባቸው ይጠርጉላቸው ጀመር።

«ቆየህብኝ» አሉ።

«መንገድ ነው» አሉ ሃምሳ አለቃው።

እማማ ሊመልሱ ፈልገው ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ። ያን ጊዜ ደወል፣ ዕድሜ ልኩን ሹክ ማለት ያልቻለው ሰው፣ እኔም በግድ የሰማሁት ትእዛዝ ሰጠ። ወደ ኋላ ዙር አለ። ላብ በላብ የሆኑት አምስት ሽማግሌዎች፣ መድፈኛው ጓደኞቹን አይቶ ትንሽ ዘግየት ብሎ፣ ጫማ ሰፊው በተዋሰው ቦት ጫማ ላይ እየተንገዳገደ፣ ተረከዛቸውን አዙረው ፊታቸውን ለግድግዳው ሰጡ፣ ቀጥ ብለውም ቆሙ። እኔ ወታደር አይደለሁም፣ ያዘዘኝም የለም፤ ጎረቤቲቱን በእጇ ያዝኳትና እኔም አብሬ ዞርኩ።